የመዝሙሩ ሦስተኛ አንቀጽ

ሚኒባስ ሳይሞላ አይነሳም፤ ከሞላ በኋላም ገና ሰው ይጨምራል። በዚያ ቅዳሜ ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ ስሄድ የደረሰኝ ቦታ የኋላ ወንበር ነበር፣ በአንድ ሽማግሌና በአንዲት ወጣት መሃል። በዲላ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ስለሆንኩ በሰው ክርክር ጣልቃ መግባት ልማዴ ነው። የዚያን ቀን ግን ጥልቅ የምልበት ቀዳዳ አጣሁ።

ሽማግሌው ጋሽ ባልቻ፣ ከይርጋጨፌ ወጣ ብላ ባለች አንዲት የወንጌል አማኞች አጥቢያ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው። ወጣቷ ሮሆቦት ደግሞ በዲላ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የአካባቢውን መዝሙሮች ታጠናለች። ገና ከዲላ ሳንወጣ አወቀቻቸው።

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ዛሬ ከሰዓት የእትዬ መሰረትን ጉዳይ የሚያዩት እርስዎ ነዎት?»

«ጌታ ይመስገን ልጄ። አዎ፣ እኔ ነኝ። ከመዘምራን ትታገዳለች፤ አለቀ።»

«ምን አጥፍታ?»

«ዋሽታ! ለዚያውም በመድረክ ላይ።»

ነገሩን ከሁለቱ አፍ እየለቃቀምኩ ተረዳሁት። መሰረት በአሪቻ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ቡና ትለቅማለች፤ እሁድ እሁድ በአጥቢያዋ ትዘምራለች። ባለፈው እሁድ እንግዶች የዘመረችውን ወደውት ማን እንደደረሰው ቢጠይቋት «የኔ ነው» አለች። ወጣቶቹ ወዲያው ስልካቸውን አወጡ፤ አንድ የአዲስ አበባ ዘማሪ ያንኑ መዝሙር አምና በቪዲዮ አውጥቶታል፣ ስሙም ከሥሩ በትልቁ ተጽፏል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴትዮዋ የመዝሙር ሌባ ተብላ ቀረች።

«ጋሼ» አለች ሮሆቦት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በእናንተ አጥቢያ አዲስ መዝሙር ሲመጣ ማን እንደደረሰው ትጠይቃላችሁ?»

«አንጠይቅም! ‹ጌታ ሰጠኝ› ይላል፤ እንቀበላለን። መዝሙር ላይ ስሙን የለጠፈ ሰው ክብር ሰረቀ። ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ተብሏል።»

«እሱ ስለ ምጽዋት ነው ጋሼ። መዝሙረ ዳዊትን ይክፈቱ። የዳዊት፣ የአሳፍ፣ የቆሬ ልጆች እያለ ስም ይጠራል። አንዳንዱ ላይማ ዳዊት የት ሆኖ፣ ከማን ሲሸሽ እንደዘመረው ሁሉ ተጽፏል። ታዲያ ክብር ሰረቁ?»

ጋሽ ባልቻ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ወናጎን አለፍን።

«እናንተ ዩኒቨርሲቲዎች» አሉ፣ ወደ እኔም ገልመጥ እያሉ፣ «የቤተ ክርስቲያንን መዝሙር እንደ ዘፈን ልትበትኑት ነው የምትመጡት። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። ተዪው።»

«ነቀዘ እኮ! እናንተ ዝም ስላላችሁ ሌላው ስሙን ጻፈበት። ዛሬ ደግሞ የመዝሙሩን ባለቤት በሌብነት ልትከሱ ነው።»

ልጅቷ ደፈረች። ረዳቱ ሳይቀር ዞሮ አየን፤ እኔም ሽማግሌው ወርደው የሚሄዱ መስሎኝ ሰጋሁ። ለመሆኑ በእኛ አገር አንድ ሰብሳቢ በሚኒባስ ውስጥ፣ በልጅ አፍ እንዲህ ሲባል ማን ሰምቶ ያውቃል?

«ማስረጃሽ?» አሏት፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ሮሆቦት ስልኳን አውጥታ ቪዲዮውን ከፈተች። ሱፍ የለበሰው ዘማሪ ሁለት አንቀጽ ዘመረ፣ አዝማቹን ደገመ፣ መዝሙሩም አለቀ። የጋሽ ባልቻ ከንፈር ግን አላቆመም። ሳያውቁት፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ ቀጠሉ፤

«ሳይቀላ የረገፈ ፍሬዬን፣
አንተ በእጅህ ያዝልኝ...»

«ጋሼ» አለች ሮሆቦት፣ «ይህ አንቀጽ ቪዲዮው ላይ የለም። እርስዎ ከየት አመጡት?»

ሽማግሌው ደንግጠው አፋቸውን ዘጉ።

«በልጄ በይርጉ ቀብር ላይ...» አሉ፣ «መዘምራኑ...»

«መቼ ነበር?»

«ሰባት ዓመት ሆነው።»

«ቪዲዮው የአምና ነው። ለጥናቴ ስጠይቃት እንደነገረችኝ፣ እትዬ መሰረት መዝሙሩን የደረሰችው በአራስነቷ ለሞተባት ልጇ ነው። ከተሜው ዘማሪ ይህን አንቀጽ ለምን እንደተወው አላውቅም፤ ምናልባት ቡና ሳይቀላ ሲረግፍ አይቶ አያውቅ ይሆናል። ለመሆኑ ያን ቀን ማን አጽናናዎት?»

«እግዚአብሔር ነዋ!»

«በማን አፍ?»

ይርጋጨፌ ስንደርስ ጋሽ ባልቻ ከዘራቸውን ይዘው ቀድመው ወረዱ።

የራሴ ጉዳይ ነበረኝ፤ ተውኩትና ተከተልኳቸው። በጸሎት ቤቱ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። መሰረት ነጠላዋን አጥብቃ፣ ፍርዷን ቀድማ እንደተቀበለች ሰው አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

«እህት መሰረት» አሉ ጋሽ ባልቻ፣ «ሦስተኛውን አንቀጽ ዘምሪልን።»

ፈተና መሰላት። ድምፅዋ አንድ ጊዜ ተሰበረ፤ ግን ዘመረችው። ስትጨርስ ሽማግሌው ተነሱ።

«ይህ አንቀጽ ልጄን ስቀብር ደግፎ ያቆመኝ ነው። ቪዲዮው ያኔ አልነበረም። ሌባ ያልናት የመዝሙሩን ባለቤት ነው። ይቅር በይን፣ እህቴ።» ወደ ጓዶቻቸው ዞሩ። «ከእንግዲህ መዝሙር ሲመጣ ማን፣ የት፣ ለምን እንደደረሰው ይጻፋል። ክብሩ የጌታ ነው፤ የሰውየውን ስም መደበቅ ግን ክብር አይጨምርለትም።»

እኔም በልቤ አሜን አልኩ። መዝሙር ከደራሲው ስም ጋር ሲጻፍ ባለቤቱ በገዛ ቤቱ አይከሰስም፤ በስልክ የሚወጣውን ሁሉ እውነት ብሎ የሚቀበለው ወጣትም የሚያመሳክርበት ያገኛል። ነገ የሚያጠናው ሰው ደግሞ ይህች ምድር እንዴት እንዳለቀሰችና እንዴት እንደተጽናናች ያነባል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄና አንድ ብዕር ነው።

የአጥቢያው ጸሐፊ ደግነት ብዕሩን አነሳ። «መሰረት...» ብሎ ጻፈና ቀና አለ። «መሰረት ማን ልበል?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከልጅነቷ ጀምሮ አብራቸው የዘመረች ሴት ናት፤ የአባቷን ስም ግን አንዳቸውም አላወቁትም። ጋሽ ባልቻ አንገታቸውን ደፉ።

«መሰረት ሽብሩ» አለች እሷ፣ በቀስታ። «እዚሁ ቤት የምትዘምሩትን ብዙውን የደረሰው አባቴ ነው።»