ከካባው የተረፈ ቁራጭ

አካም ጅርታ ዙሌ? ፈያ? ነይ ግቢ፤ መዝጊያውን ገርበብ አድርጊው፣ አቧራው ተከትሎሽ ሳይገባ። የናዝሬት ንፋስ እንደሆነ የሰው ቤት ለመግባት ፈቃድ አይጠይቅም። ቀሚስሽ አልቋል፤ የቀረው ቁልፍ መትከል ነው፤ እስከዚያ እዚያች በርጩማ ላይ አረፍ በይ። ባልሽ ደሊል ከመቂ ተመለሰ? ሽንኩርቱን ጫነ? … እሰይ! ሽንኩርት ደግ ነገር ነው እቴ። ቢያስለቅስሽም ፊት ለፊት ነው የሚያስለቅስሽ።

ቀስ በይ፣ መጋረጃውን አትግለጪው! ውስጥ ደንበኛ አለ፣ ሱሪ እየሞከሩ ነው። ጓድ! እንዴት ሆነልዎ? አይቸኩሉ፣ ረጋ ብለው ይልበሱት። ወገቡ ላይ መርፌ ሳልነቅል የቀረ ይኖራልና ሲጎነበሱ ይጠንቀቁ… እኔ መቼም ሰው መውጋት አልወድም።

ትልቅ ሰው ናቸው ዙሌ። ልብሱ ለነገው ስብሰባ ነው። ወገቡ ጠበባቸውና አስፊልኝ ብለው አመጡት። ለሰፊው ሕዝብ ሲያስቡ የሚውሉ ሰዎች ወገባቸው አብሮ ቢሰፋ ምን ይገርማል?

ምን ልልሽ ነበር… አዎ! ነገ እኮ እኔም ስብሰባው ላይ ተናጋሪ ነኝ። አትሳቂ! የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ መጥታ፣ «ለሸንጎ ከሚወዳደሩት ዕጩዎች ለአንዱ ተነሥተሽ ትመሰክሪለታለሽ፤ ‹አውቀዋለሁ፣ ደግ ሰው ነው› በይ፣ ሌላ አይጠበቅብሽም» አለችኝ። ለማን እንደሆነ ግን አልነግርሽም። የሰው ስም በሌለበት ማንሣት ነውር ነው። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ይባል የለ? እኛ ጴንጤዎቹ ጠጁን ስለማንጠጣ የተረፈን ምሳሌው ብቻ ነው።

አንቺ ከወሎ የመጣሽው ከድርቁ ወዲህ ነውና ሰውየውን በደህና ዘመኑ አልደረስሽበትም። በጃንሆይ ጊዜ እዚሁ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበር። እንዴት ያለ ዳኛ! የባለጉዳይ ዶሮ አጥር ዘላ ግቢው ብትገባ፣ «ጉቦ ነው» ብሎ በዘበኛ ያስመልሳታል። ሰርግ ቢጠሩት ገበታ ሳይነካ ውሃ ጠጥቶ ይወጣል፤ ሙሽራው ነገ ተከሳሽ ሆኖ ቢመጣስ? ባለቤቴ ገመዳ ችሎት አስከባሪው ነበር። እሱ «ተነሡ!» ሲል ያ ሁሉ ሰው ብድግ ነው። ቤት ሲመጣም አይተወውም፤ ወጥ ሲቀርብ «ተነሡ!» ይልና ልጄን ጉዲቱን በሳቅ ይገድላት ነበር።

የችሎቱን ካባ ያሳጠርኩለት እኔ ነኝ። ሲሾም የሰጡት ካባ መሬት ጠረገበት፤ ክብሩ ነው እንጂ ትልቁ፣ ቁመቱስ እንዲያ አልነበረም። ጥቁር፣ ከባድ፣ ጥሩ ጨርቅ! የቆረጥኩትን አልጣልኩትም። ሰፊ ቁራጭ አይጥልም፤ የት እንደሚገባ ማን ያውቃል?

ከዚያ ለውጡ መጣና ባለሥልጣን ይለቀም ጀመር። ሰውየው አንድ ቀን ማለዳ ጋቢ ተከናንቦ መጥቶ፣ «ገመዳ፣ ለጥቂት ቀን ደብቀኝ» አለ። ክረምቱ ወጣ፣ መስከረም ጠባ፣ ያቺ ጥቂት ቀን ግን አላለቀች! አልጋው የት ነበር መሰለሽ? አሁን ጓድ ሱሪ የሚሞክሩበት፣ እዚያው ከመጋረጃው ኋላ። ጓድ፣ ትጠብብዎታለች አይደል? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ድሮም ጠባብ ናት። ሰው ግን ችላለች።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። እሱን ምን ይቆጨዋል? ሲሾም ባይበላ ሲሻር በላ፤ የኔን ሽሮ! ኧረ ደስ ብሎኝ ነው ያበላሁት። ገመዳ አልጋውን ለቆለት መሬት እየተኛ፣ «ሎሚ፣ እንግዳ በረከት ይዞ ነው የሚመጣ» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው… በረከቱ ትንሽ ዘገየ እንጂ።

ብልህነቱን ልንገርሽማ። ነገሩ ረጋ ሲል ካባውን ሣጥናችን ውስጥ አኑሮ፣ ካኪ ለብሶ ወጣ። ውይይት ክበብ ገባ። እኔ ያረጀ ኮት ገልብጬ ስሰፋ ወገቤ ነው የሚቆረጠው፤ እሱ ራሱን በአንድ ሳምንት ገለበጠና ስፌቱ እንኳ አይታይም! ሙያ ይሉሻል ይሄ ነው። በዚያችው «በግርማዊነታቸው ስም» ባለባት ድምፅ «ፊውዳል ይውደም!» ሲል ብትሰሚው… ድምፁ እንኳ አልሰለለም። ዳኛ የነበረ ሰው ፖለቲካ አይከብደውም መሰለኝ። ድሮ ሁለት ወገን ሰምቶ ነበር የሚፈርደው፤ አሁን አንዱ ቀነሰለት።

ኋላ አሰሳ የሚባል ነገር መጣ። የአብዮት ጠባቂዎቹ ሣጥኑን ሲበረብሩ ካባውን አገኙትና «የፊውዳል ርዝራዥ!» ብለው ገመዳን ይዘውት ሄዱ። የማን እንደሆነ ቢነግራቸው አይደል? አልነገራቸውም። ቤቴ የገባ እንግዳ አሳልፌ አልሰጥም አለ። የኔ ሞኝ…

እኔ ግን አልደነገጥኩም። ምን ያስደነግጠኛል? ያን ጊዜ የታሰረ ሰው የሚለቀቀው አንድ የታመነ ሰው ቀርቦ «አውቀዋለሁ፣ ዋሱ ነኝ» ሲልለት ነው። ከቀበሌው ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠው ደግሞ ማን ሆነና፣ የኛው እንግዳ! የሁለት ሰው ምሳ ቋጥሬ ሄድኩ። ለገመዳ ብቻ ይዞ መሄድ ነውር መስሎኝ።

ጠባቂው «ጓድ፣ ይህን ሰው ያውቁታል?» ብሎ ጠየቀው። አንዲት ቃል እኮ ናት ዙሌ። ገመዳን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አየው፤ እንደ ዳኛ፣ ሳይቸኩል… «አላውቀውም» አለ። እንዴት ያለ ፍርድ! ለወዳጅ የለ፣ ለዘመድ የለ፣ ለሽሮ የለ! ሕግ ዓይን የላትም ሲሉ እሰማ ነበር፤ የበላችበትን እንደማታስታውስ ያወቅኩት ግን ያን ቀን ነው።

በእኛ መጽሐፍ አንዱ እንዲሁ «አላውቀውም» ሲል ዶሮ ጮኸበትና ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ። እዚያ ቀበሌ ዶሮ አልነበረም መሰለኝ። የባለጉዳይ ናት ብለው አስመልሰዋት ይሆናል።

ከዚያ ሰውየው ሊወጣ ከወንበሩ ብድግ ሲል፣ ገመዳ እጁ ታስሮ፣ በልማዱ «ተነሡ!» አለ። ጠባቂዎቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ምሳዬን እንደያዝኩ አብሬ ሳቅኩ መሰለኝ… እንጃ።

በማግሥቱ ወደ ደራ በሚወስደው መንገድ በሄደ መኪና ጫኑት። ያቺ መኪና የት እንደደረሰች የሚነግረኝ አላገኘሁም። ያን ጊዜ ከመርፌ ቆርቆሮዬ ክር ትሰርቅ የነበረችው ጉዲቱ ዛሬ መልካሳ እርሻ ምርምሩ ጋ ሥራ ይዛለች፤ አባቷን ስትጠይቀኝ «መንገድ ላይ ነው» እላት ነበር፤ አሁን መጠየቁን ትታልኛለች። ይከፋኛል ዙሌ። ውሸት አልወድም፣ በጣም ይከፋኛል። አልቅሼ እንዳልቀብረው ሞተ ያለኝ የለ፤ እንዳልጠብቀው…

ውይ፣ ቁልፍሽን አጣምሜ ተከልኩት! በይ ቆይ ልፍታው።

እና ነገ እነሣለሁ። ለምን አልነሣም? ሰው በሰው መጨከን የለበትም። ቀበሌው በሙሉ በተሰበሰበበት ብድግ ብዬ «አውቀዋለሁ» እላለሁ። ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል? ሲተኛ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ አውቃለሁ፤ ሽሮ ላይ ቃሪያ ሲበዛ እንደሚያላብሰው አውቃለሁ። ባላውቅ ነበር የሚገርመው። ምናልባት አንዱ እጁን አውጥቶ «እትዬ ሎሚ፣ እንዴት አወቅሽው?» ብሎ ከጠየቀኝ ደግሞ… ምን አደርጋለሁ፤ ለተጠየቁት መመለስ ነው። ከመጀመሪያው፣ ከካባው ጀምሬ። ሕዝብ የሚመርጠውን ሰው ይወቀው ተብሎ የለ?

ጓድ! ምነው መጋረጃው ተወዛወዘ? መርፌው ወጋዎት እንዴ? … ይውጡ እስቲ፣ ብርሃን ላይ ልይዎ። ወይ ግሩም! ልክክ አለ! ዙሌ፣ እይው እስቲ፣ የሸንጎ ሰው አይመስሉም? ጨርቅ ጨምሬበት ነው ጓድ። ጥቁር ነው፣ ግን ከውስጥ በኩል ስለሆነ ከእርስዎና ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። ከአንድ የድሮ ካባ የተረፈ ቁራጭ ነበረኝ። የሰው አደራ አልጥልም፤ ልክዎም እንዳለ ነው። ምነው፣ አላበዎት? ንፋሱን ዘግተንብዎት ይሆናል።

ሒሳብ? ኧረ ነውር ነው፣ እጅዎን ይመልሱ! ከቤት ሰው ደግሞ… ውይ፣ ይቅርታ፣ ለካ እኛ አንተዋወቅም።

ይልቅ ጎንበስ ይበሉ ልመርቅዎ፤ ሳይመረቁ ትልቅ መንገድ አይኬድም። ዙሌ፣ አሚን በይልኝ። ዋቃዮ መንገድዎን ያቅናልዎ። ከሸንጎውም በላይ ያውጣዎ። ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ ሲገቡ ሲወጡ «ተነሡ!» የሚልልዎ አያሳጣዎ። ክፉ ቀን በደጅዎ አይለፍ። ምናልባት ሰው ነዎትና አንድ ቀን ቢያጋጥምዎ፣ እጅዎን አስረው ፊቱ አቁመውዎ፣ «ይህን ሰው ታውቀዋለህ?» ብለው የሚጠይቁት ሰው… እግዚአብሔር ልክ እርስዎን የመሰለ ወዳጅ ያድርግልዎ።