ሙሽሮች በአናጢው ቤት

ሠላሳ ዓመት ወንበርና ጠረጴዛ ሲሠሩ የኖሩት አናጢ አንድ ማለዳ የሥራ ቤታቸውን ሊከፍቱ ሲመጡ፣ አንዲት ወጣት ደጃፋቸው ላይ በሆዷ ተኝታ አገኙ። ራሷን ስታ የወደቀች መስሏቸው ሊያነሷት ጎንበስ ሲሉ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ከብርሃኑ ላይ ዘወር ይበሉልኝ» የሚል ትሑት ድምፅ ሰሙ። ልጅቱ ካሜራዋን ወደ ዝቅተኛው መስኮት አነጣጥራ፣ ውስጥ የቆመውን ያላለቀ ወንበር ፎቶ ታነሣ ነበር።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የአዋላጇ። ከፊት ለፊትዎ ፎቶ ቤት የከፈትሁት እኔ ነኝ።»

«እናትሽ ልጆቼን ሁሉ በእጇ የተቀበለች ሴት ናት። አንቺ ደግሞ ይህን ያህል ተምረሽ መሬት ለመሬት ትሳቢያለሽ?»

ልጅቱ ሳቀችና አቧራዋን አራግፋ ተነሣች። ከዚያም ሙሽሮችን በእርሳቸው የሥራ ቤት ውስጥ ፎቶ ለማንሣት እንዲፈቅዱላት በአክብሮት ጠየቀች።

«ቆይ፣ ቀስ ብለሽ አስረጂኝ። ወንበር ልትገዢ ነው?»

«አይደለም።»

«ልትከራዪ?»

«አይደለም ጋሼ።»

«እንግዲያው ምን ልትወስጂ ነው የመጣሽው?»

«ምንም አልወስድም። በኔ ፎቶ ቤት ያለው ግድግዳ ላይ የተሳለ ፏፏቴ ብቻ ነው። ሙሽራው ሁሉ እዚያ ፏፏቴ ሥር መቆም ሰልችቶታል። እርስዎ ጋ እውነተኛ ብርሃንና እውነተኛ ሥራ አለ። እኔ ቦታ አገኛለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ሥራዎ ይታይልዎታል። ፎቶው ሥር የማን የሥራ ቤት እንደሆነ ይጻፋል።»

አናጢው ጭንቅላታቸውን አከኩ። ሙሽራና ሰጋቱራ በአንድ ስፍራ መገናኘታቸው ለአእምሯቸው አልዋጥ አለ። «ጥሩ ዕቃ ራሱ ይናገራል» አሉ በመጨረሻ።

«ማን ገብቶ ይስማው? የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባል የለ?»

ይህ አባባል ከቁስላቸው ላይ አረፈ። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ፋብሪካ ወንበር ስላዞረ፣ በወሩ መጨረሻ የሥራ ቤታቸውን ለአከራዩ አስረክበው እጃቸውን አጣጥፈው ሊቀመጡ ቆርጠው ነበር። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» አሉና ተነፈሱ። «እስቲ ቅዳሜ አምጫቸው።»

ሥራን ማክበር ሥራን መደበቅ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ አናጢውም ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። ዓርብ ዕለት ከባለቤታቸው ጋር ሰጋቱራውን ጠርገው አወጡ፤ መጋዙን፣ መሮውንና መላጊያውን በጆንያ ከትተው ጓሮ ወረወሩ፤ የተጀመሩትን ወንበሮች በአንሶላ ጋረዱ። ለሙሽሮቹም መቀመጫ ከጎረቤት ሁለት የላስቲክ ወንበር ተዋሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቱ ሙሽሮቹን አስከትላ ገባችና ደርቃ ቀረች። «ጋሼ፣ ቤቱን ማን ዘረፈው?»

«ለሙሽራ ክብር አጸዳሁት እንጂ ማን ይዘርፈዋል?»

«እነዚህስ ወንበሮች?»

«የኔዎቹ ሙጫቸው አልደረቀም። ቀሚሷን ያበላሹብኛል ብዬ ተዋስሁ።»

«ደንበኞችዎን የነጠቀዎትን ወንበር በገዛ ቤትዎ አክብረው አስቀመጡት ማለት ነው?»

አናጢው ፊታቸው ቅጭም አለ። «ስሚኝ ልጄ፣ እንግዳ ሲመጣ ገበና ይሸፈናል። ያላለቀ ሥራ ለሰው ማሳየት ነውር ነው ብሎ አባቴ አስተምሮኛል።»

«ያባትዎን ምክር አልነቅፍም። ግን ገበና የሚባለው የሚያሳፍር ነገር ነው። እርስዎ በሥራዎ ያፍራሉ?»

አናጢው በሥራቸው አያፍሩም፤ ታዲያ ለምን ጋረዱት? ዓርብን ሙሉ ሲጠርጉ የዋሉበት ነገር ትርጉሙ ጠፋባቸው።

ይህ ሲሆን ሙሽራው የአንሶላውን ጫፍ ገለጥ አድርጎ ያይ ነበር። «አባባ፣ ይህ ወንበር እኮ ምስማር የለውም። በምን ይቆማል?»

ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። አናጢው ሳያስቡት አንሶላውን ጎትተው ጣሉት፤ ከጓሮም ጆንያውን ይዘው ተመለሱ። የእግሩ ጫፍ በተቦረቦረው ቀዳዳ ውስጥ እንዴት እንደሚነክስ ለማሳየት በመሮ ሲጠርቡ፣ ፍቅፋቂው በሙሽራው ጫማ ላይ ረገፈ። ሙሽራዪቱ ቀሚሷን ሰብስባ የሥራው ጠረጴዛ ላይ ወጣችና፣ «እስቲ እኔም ልሞክር» አለች።

«መዶሻውን እንዲህ አንቀሽ ከያዝሽውማ ባልሽን ትፈነክችዋለሽ። ዝቅ አድርገሽ ያዢው» አሏት።

ሦስቱም ሲሳሳቁ ካሜራው ሥራውን ይሠራ ነበር፤ አናጢው ግን አላስተዋሉትም።

ፎቶው በልጅቱ መስኮት ላይ በተሰቀለ በሳምንቱ፣ አንዲት መምህርት መጥታ ያለ ምስማር የሚቆመውን ወንበር የሚሠሩት እርሳቸው መሆናቸውን ጠየቀችና ለምግብ ጠረጴዛዋ ስድስት አዘዘች። ከእርሷ በኋላ የሙሽራው አጎት ቁም ሣጥን ሊያሠራ መጣ። ፎቶ ሊነሡ የመጡ እጮኛሞችም አልጋ አዘው ሄዱ።

የወሩ መጨረሻ ቀን አከራዩ ቁልፍ ሊቀበል ብቅ አለ።

«ቁልፉን ልሰጥህ አልችልም» አሉት አናጢው። «ቅዳሜ ሙሽሮች አሉብኝ።»

«አናጢ ቤት ምን ሙሽራ አለ? ሊድሩ ነው እንዴ?»

«ቁጭ በልና ላስረዳህ። እሷ ዘንድ ፎቶ ሊነሣ የመጣ ሰው የኔን ሥራ ያያል፤ እኔ ዘንድ አልጋ ሊያሠራ የመጣም ፎቶውን አይቶ ወደ እሷ ይሻገራል። አንዳችን ከሌላችን አልቀማንም። ሰው ደግሞ ድካሙን በዓይኑ ካየ ዕቃውን ያከብራል፤ እንዲያው በጭፍን ከፋብሪካው ጋር አያወዳድረውም። እኔም ብሆን የሚያየኝ ሰው እንዳለ ሳውቅ እጄ ይጠነቀቃል። ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ ትናንት የተወለደች ልጅ ናት። ስንተባበር ሥራው እንዴት ለሁለታችንም እንደበዛ ግን ስሌቱ እስካሁን ግራ ይገባኛል።»

ያልገባን ነገር ሁሉ ከንቱ እንዳልሆነ፣ ምክርም ከታናሽ ስለመጣ እንደማይናቅ አዛውንቱ በስተርጅና ተማሩ። በመማራቸውም አላፈሩም።

አከራዩ የቁልፉን ነገር ተወው። «ባለቤቴ እኮ ፀጉር ቤት አላት፤ ከተቀዛቀዘ ቆየ። ለእሷስ ይሆን ይሆን?»

«እንግዲያው ተነሥ፣ አብረን ወደ ልጅቱ እንሻገር» አሉ አናጢው ሽርጣቸውን እየፈቱ። «እሷ ታስረዳህ። እኔ ካስረዳሁህ ሁለታችንም እንጠፋለን።»