ለራውዳ መኪና የተመረጠ ጎማ

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … አሃ፣ ያዕቁብ! ወዓለይኩሙሰላም ወራህመቱላህ! ከጠዋት ጀምሮ አንተን እኮ ነው የምጠብቀው። … አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። ጠይባም ደህና ናት፤ ይኸው ልብስ ትተኩሳለች። … አይ፣ ዛሬ ቅዳሜ አይደል? ባሱ ቆሟል፣ እኔም ቆሜያለሁ። … ቆይማ አንዴ፣ አልሰማህም። ጠይባ፣ እስቲ ያንን ቲቪ ዝቅ አድርጊልኝ! ያዕቁብ ነው፣ የጎማው።

ጠይባ ዝቅ አላደረገችውም፤ ጨርሳ አጠፋችው። ካውያዋንም አቆመች። ባሏ ቃሲም ልብ ቢል ኖሮ እዚችው ላይ አንድ ነገር በጠረጠረ ነበር። ግን እሱ ምን ሲል ልብ ይላል! ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ፣ ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤት ባስ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ ከፊቱ ያለውን መንገድ እንጂ ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው አይቶ አያውቅም። ይህን የምትለው ራሷ ጠይባ ናት፣ ሲያናድዳት።

— አዎ፣ አሁን ጥሩ ይሰማል። … ለራውዳ መኪና ነዋ! ለዚያች ለትንሿ ኤሌክትሪክ። … ሳይዙን? አለኝ እንጂ። ሳትሄድ ፓርኪንግ ወርጄ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስቼዋለሁ። ቆይ መነጽሬን … ይኸውልህ። ሁለት መቶ አሥራ አምስት፣ ሃምሳ፣ አሥራ ሰባት። … አዎ፣ አሥራ ሰባት ኢንች፣ አልሙኒየም ቸርኬ። ግን ለዊንተር እሱን አልፈልግም። … ስማኝማ። አሥራ ስድስት አድርግላት፣ ብረት ቸርኬ። ጎማው ወፈር ይላል፤ ጉድጓድ ብትገባ ጎማው ይችለዋል። … አያምርም? የኔ ልጅ፣ በበረዶ ውስጥ ማን ሊያየው ነው! … ፍሬኑንስ አይነካውም አይደል? … እንግዲያው ጨርሰናል።

ያዕቁብ የድሮ የታክሲ ጓደኛው ልጅ ነው፤ ቶሮንቶ፣ ዌስተን ሰፈር ያለ ጎማ ቤት ውስጥ ይሠራል። ልጁ ትሑት ነው፤ ቃሲምን ጋሼ ይለዋል። ዛሬ ግን ጋሼ እያለ ቃል እንደ ጎደለበት ሰው ይንተባተባል። ቃሲም ደግሞ እሱ ሲንተባተብ እሱኑ እያስተማረው ነው። ጉድ እኮ ነው! ይህች መኪና ገና ስትገዛ «በባትሪ የሚሄድ አሻንጉሊት እንጂ መኪና አይባልም» ብሎ ልጁን ራውዳን ያሳቀቃት እሱው ነበር። አሁን በምሳ ሰዓት ባሱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ጎማ የተጻፈውን ሁሉ ሲያነብ ይውላል።

— ደግሞ ተራ ጎማ እንዳትሰጠኝ። ትንሽ ናት ብለህ አትናቃት፤ ባትሪው በሙሉ ከሆዷ ሥር ነው ያለው፣ ክብደቷ የትልቅ መኪና ነው። ከባድ የሚሸከመውን ስጠኝ። … ኤክስ ኤል፣ አዎ፣ ጎኑ ላይ የተጻፈበትን። … ኦል ሲዝን? ዓመቱን ሙሉ የሚነዳውን? ያዕቁብ! ሰድበሪ እኮ ነው የምልህ! እዚህ ገና ቅጠሉን ጠርገን ሳንጨርስ እዚያ በረዶ ሁለቴ ጥሏል። በየቀኑ ነው የማየው፣ የአየሩን ሁኔታ። ያ የተራራውና የበረዶው ምልክት ያለበት፣ እውነተኛው ዊንተር ጎማ ይሁን። … በረዶውን የሚቆነጥጥ ሚስማር ያለውስ? … እዚህ እንደማይፈቀድማ አውቃለሁ። እሷ ግን አሁን … የዚያ አገር ሰው ሆናለች አይደል።

ይህን ብሎ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከአሥራ አንደኛው ፎቅ ሲታይ የፍሌሚንግደን ፓርክ ሕንፃቸው መኪና ማቆሚያ ሙሉ ነው፤ የራውዳ ቦታ ላይ አሁን የሌላ ሰው ቫን ቆሟል።

— ባትሪ ይበላል? ሚስማሩ? … እንዲያማ ከሆነ ይቅርባት። በብርድ ባትሪው ራሱ ይቀንስባታል፤ መንገድ ላይ ልትቀር ነው እንዴ! ይቅር፣ ሚስማሩ ይቅር። … ታዲያ ለሐሙስ ቸርኬው ላይ ገጥመህ ታደርስልኛለህ? … ለምን አልቸኩል? ኢብራሂም ሐሙስ በትራኩ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ በሯ ላይ ያወርድላታል። ቃል ገብቶልኛል። … ምን? … መጀመሪያ ራሷን ልጠይቃት? እኔ? … አንተ ደግሞ የማታውቅ ትመስላለህ! እኔና እሷ እንደማንነጋገር ቶሮንቶ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል።

እውነት ነው፣ ያውቃል። ኦገስት ላይ ራውዳ ሰሜን፣ ሰድበሪ ከተማ ሆስፒታል የነርስነት ሥራ አገኘሁ ብላ ስትመጣ፣ ቃሲም ሁለት ሽማግሌዎች ጠራ። ልጅ ሲያስቸግር ሽማግሌ ይጠራል፣ እሱ የሚያውቀው ይህንን ነው። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አውልቀው ሶፋው ላይ ተቀምጠው መከሩ፣ ዘከሩ። እሷም እዚሁ ተወልዳ ያደገች የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ እስኪጨርሱ በትህትና አዳመጠቻቸውና የሥራ ውሉን ፈርሜያለሁ አለቻቸው፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ቃሲም በሰው ፊት ክብሩ የተነካ መሰለው። «ወላሂ! ከዚህ ቤት ከወጣሽ ሁለተኛ ድምፅሽን አልሰማም!» ብሎ ማለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ታላቁ ሽማግሌ ወዲያው ደነገጡና፣ ይህን መሐላ ዛሬውኑ አፍርሰው፣ አሥር ድሃ አብላ፣ ካልሆነልህ ሦስት ቀን ጹም አሉት። እሱ ግን ቃሌን አላጥፍም አለ። ይኸው ሦስት ወሩ። እናቷ በስልክ ስታወራት እሱ ድምጿን እንዳይሰማ ኮሪደር ላይ ወጥቶ ይቆማል። ደግሞ ሩቅ አይሄድም፣ በሩ ሥር ነው የሚቆመው።

— ስለዚህ እሷን አልጠይቅም፤ ጎማው ይሂድላት፣ ስታየው ይገባታል። … ምን ይገባታል ትለኛለህ? አባቷ እንዳልረሳት ነዋ! … እሺ፣ እሺ፣ አልጮህም። … ምን አልክ? … ብረት ቸርኬ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም … የኋላ ግራው? … የኋላ ግራ ቸርኬዋ ምን ሆነ? … ተጣምሞ ነበር? … አልተጣመመም እኮ! በየጠዋቱ ከእሷ ቀድሜ እየወረድኩ ነፋሱን የምለካው እኔ ነበርኩ። እስከ ሄደችበት ቀን ድረስ አንዱም አልተጣመመም። … ያዕቁብ። … ያዕቁብ፣ አንተ ይቺን መኪና መቼ አየሃት?

ከወዲያ የጎማ ቤቱ የዳዶ መፍቻ ማሽን ብቻ ጠር ጠር ይላል።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ? … ኔትወርክ አትበለኝ፣ የማሽናችሁ ድምፅ እንኳ ይሰማኛል። … አትማል፣ ማን ማል አለህ? በመሐላ የመጣብኝ ይበቃኛል። ዝም ብለህ ንገረኝ። … ኦክቶበር መጨረሻ። … እዚያ ድረስ መጣች? ዌስተን? … ብቻዋን? … ከማን ጋር?

መልሱን ሳይሰማ ዞረ። ጠይባ ካውያው አጠገብ እንደቆመች ነው፤ ፊቷን አላዞረችም።

— አንቺም ነበርሽ?

ጠይባ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ያን ቅዳሜ ዳንፎርዝ ካለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ብላ በጠዋት ወጥታ፣ ሲመሽ ባዶ እጇን ተመልሳ ነበር። የት ዋልሽ ያላት የለም። የእናትና የልጅ ምሳ ከባል ተደብቆ ሲበላ እንዴት እንደሚመር እሷ ናት የምታውቀው። ልጇ መኪናዋ ተሠርታ ስትወጣ እዚሁ ሕንፃ በር ድረስ አምጥታ አወረደቻት፤ ራውዳ ራሷ ግን ወደ ቤት አልወጣችም።

— አይ፣ ላንተ አይደለም ያዕቁብ፣ ለሷ ነው። … አልተቆጣሁም። ምን ያስቆጣኛል? እናቷ ናት። … አሁን እሱን ተወውና፣ ምን ገጠምክላት? … ጎማውን ነው የምልህ! … አሥራ ስድስት። … ብረት። … ኤክስ ኤል አየህለት? … ራሷ ጠየቀችህ። … ሚስማሩንስ? … ባትሪ ይበላል ብላ ተወችው። እሺ።

ቃሲም እንከን መፈለግ ጀመረ። አንዲት ስህተት፣ አንዲት የጎደለች ነገር ብቻ ቢያገኝ ይበቃው ነበር፤ ሐሙስ ኢብራሂም ይዞለት የሚሄደው ነገር ይኖረው ነበር።

— ቸርኬው ውስጥ የነፋሱ ሴንሰርስ? አዲስ ነው የገባላት? … አራቱም። … ነፋሱ በብርድ እንደሚወርድ ነግረሃታል? … ታውቃለች። … ዳዶዎቹን መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳች በኋላ ድጋሚ ማስጠበቅ አለባት፣ ይሄን ሰው ይረሳል፤ ይሄን ረስታዋለች! … እዚያው ሰድበሪ አስጠበቀች። ደውላ ነገረችህ። … ጎበዝ። … አዎ፣ ጎበዝ ናት። … እኔማ ምን አስተማርኳት? አሻንጉሊት ነው ስላት ነበር የከረምኩት።

ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። የሚጠይቀውን ጥያቄ ለመጠየቅ ሁለቴ ከንፈሩን ላሰ።

— ያዕቁብ፣ ስለ እኔ … ጠየቀች? … አትፍራ፣ እውነቱን። … «ምሏል» አለች? … «እኔ ብደውል መሐላውን አፈርስበታለሁ፣ ወንጀል ይሆንበታል» … እንዲህ አለች? … ለእኔ ብላ ነው የማትደውለው? … ያ አላህ። በንዴት የወጣ ቃል እኮ ነው! አገር ቤት ሰው በቀን አሥሬ ይምላል! … አዎ፣ እሷ ይሄን ከየት ታውቃለች። እውነቱን ነው ብላ ተቀበለችው። … ስትነግርህ አለቀሰች? … ተናዳ ነበር? … እየሳቀች? … ምን? … «ለምጄዋለሁ»።

— «ለምጄዋለሁ» አለች።

ሁለተኛውን ለጠይባ ነው ያለው። ጠይባ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ግን አልነካችውም።

— የለም፣ አለሁ። … እየሰማሁህ ነው። እኔ እኮ ሦስት ወር ሙሉ ተናዳለች ብዬ ነው የጠበቅኩት። የተናደደ ሰው አንድ ቀን ቱግ ብሎ ይደውላል። ይሰድብሃል፣ ያለቅሳል፣ ያልቅለታል። የለመደ ሰው ግን ምን ብሎ ይደውላል? … ልጹም? ሦስቱን ቀን? … ጾሜያለሁ። … ባለፈው ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ። ለጠይባም ሥራ ቦታ በላሁ እያልኳት፣ ምሳዬን ለሌላ ሾፌር እየሰጠሁ። … ነፃ ነኝ፣ አዎ። ከረቡዕ ጀምሮ መደወል እችላለሁ።

ጠይባ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራ ሦስት ቀን ሲጾም አላወቀችም። የደበቀችው እሷ ብቻ መስሏት ነበር።

— ለምን አልደወልክም? እሱን አትጠይቀኝ። … እሺ፣ ልንገርህ። ደውዬ ምን እላታለሁ? እኔ ወሬ አላውቅም፣ ያዕቁብ። ትንሽ ልጅ ሳለች «በላሽ ወይ?» ነው። መንጃ ፈቃድ ስታወጣ «ቀበቶ አሰርሽ ወይ?» ነው። መኪና ገዝታ ደግሞ «ቻርጅ አደረግሽ ወይ?»። ሌላ የማወራት ነገር ኖሮኝ አያውቅም። ናፍቀሽኛል ብዬ መጀመር የምችል ሰው አይደለሁም፤ አፌ አልለመደውም። ጎማውን ልኬ ልደውል ነበር ሐሳቤ። ደረሰሽ ወይ? ልክ ሆነልሽ ወይ? ሲነዱት ድምፅ አለው ወይ? እሱ እኮ አሥር ደቂቃ ያስወራል! ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ አንዱ ነገር አንዱን ይጎትታል … አሁን ግን ጎማ አላት። ልክ ነው የመረጠችው፣ አንድም የምለው የለኝም።

— አይ፣ አታስቀምጠው፣ ካንስል አድርገው። ሌላ ለማን ይሆናል? … ለኢብራሂም እኔ ቴክስት አደርግለታለሁ፣ ቦታ እንዳይዝልኝ። … አይ፣ ምን አስቀየምከኝ፣ ደብቅ ያለችህን ነው የደበቅከው። … አሚን። … አሚን፣ አባትህን ሰላም በልልኝ። … እሺ፣ ደህና ዋል።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በአፍጢሙ ደፋው። ጠይባ የራሷን ስልክ ከኪሷ አወጣችና ደወለች፤ ሲጠራ ጊዜ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ቃሲም ሊመልስላት ሲል ከወዲያ ተነሳ። ራውዳ እናቷ የደወለች መስሏት በደስታ ነው ያነሳችው። ሦስት ወር ያልሰማው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ገባ፤ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው።

— ሄሎ። … አይ፣ እሷ አይደለችም። … እኔ ነኝ። … አዎ፣ እኔ። … ደህና ነኝ። አንቺስ? … ደህና። … ጥሩ ነው። … … አይ፣ ምንም አልሆንንም፣ ሁላችንም ደህና ነን። … አዎ። … ሥራስ? … ጥሩ። … … እሺ … ቆይ፣ እናትሽን ላገናኝሽ።