ዱዓ የተደረገበት የሐሙስ ውሃ

ሰው ሲበዛብኝ ወደ ጨፋ ሜዳ ወርጄ በመስኖው ቦይ ዳር ብቻዬን መሄድ እወዳለሁ። ሽቅብ እያየሁ ስለምሄድ ብዙ ጊዜ እግሬ ውሃ ውስጥ ይገባል። በዚያ ሐሙስ ግን ገባ እንጂ አልረጠበም፤ ቦዩ ደርቋል። ቀና ስል ሼህ ሙሐመድዘይን ከማንጎ ችግኞቻቸው መሀል ቆመዋል።

«አካም ጅርታ፣ አባ?» አልኳቸው።

«ፈያ፣ አልሐምዱሊላህ። ዛሬም ደመና ስታግድ ነው?»

ሼሁ የታችኛው ሰፈር ሽማግሌ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመስኖ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በእሳቸው ደጅ ገበሬውን ሰብስቦ፣ «ማሽላውን ትታችሁ ማንጎ ትከሉ፤ በየበጋው የሐሙስ ውሃ የእናንተ ነው» ብሎ ነበር። እንደ አገሩ ልማድ ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ ኃላፊውም እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። ገበሬው ማሽላውን ትቶ ማንጎ ተከለ፤ ውሃውም በየበጋው ሳይጓደል ወረደ። በዚያ ዓመት ግን ከታችኛው ሰፈር ማንም ሳይጠራ፣ ማንም ሳይጠየቅ ተራው ለላይኛው ሰፈር ተሰጠ።

ሼሁ የደረቀ የማንጎ ቅጠል በጣታቸው ሲያደቅቁ እያየሁ ሳለ ጁወይሪያ ከባጃጅ ወረደች። የጎረቤታቸው የዘይቱና ልጅ ናት፤ ሕግ ተምራ ከሚሴ ላይ ጥብቅና ትሠራለች። ገበሬዎቹ ፍርድ ቤት ሊያመለክቱ ፈልገዋል፤ ስብሰባው የተደረገው በሼሁ ደጅ ስለሆነ ግን እሳቸው ካልመሰከሩ ሌላው ደፍሮ አይመሰክርም።

«አባ፣ ስለ ምስክርነቱ ልለምንዎ መጣሁ» አለች።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም? ይኼ ደግሞ ዱዓ የተደረገበት ቃል ነው። እሱን ፍርድ ቤት ጎትቶ መውሰድ ዱዓውን ማዋረድ ነው። ያፈረሰውን አላህ ይጠይቀው።»

«አኺራ ላይ ይጠይቀዋል። ማንጎው እስከዚያ ይቆያል?»

ሼሁ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። ብዙ የአገራችን ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ መብት የሚባለውን ነገር ለወዲያኛው ዓለም ያስቀምጡታል። ትዕግሥት መልካም ነው፤ የሚደርቅ ችግኝ ላይ ቆሞ መታገሥ ግን ሌላ ነገር ነው።

«እሺ፣ ተራውን የሰጠን ኃላፊው ነው፤ የነሳንም እሱ ነው። ምን ብዬ ልክሰሰው?» አሉ ሼሁ።

«ቶፊቅንና ጀሚልን ያስታረቁት አንቱ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ። ታዲያ?»

«ጠባቸው ምን ነበር?»

«ቶፊቅ በማሳዬ ጠርዝ እለፍ አለው። ጀሚል ይህን አምኖ የድሮ መንገዱን አርሶ ዘራበት። ከዚያ ቶፊቅ ብድግ ብሎ አጠረው!»

«መሬቱ የቶፊቅ አይደል?»

«የራሱ ነው! ግን ሰውየው ቃሉን አምኖ መንገዱን አርሷል እኮ። አጥሩን አንሳ፣ ችግር ካለብህ ጀሚል ባለበት ተናገር አልኩት።»

«እንግዲህ አባ፣ እኔ የተማርኩት ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። ባለሥልጣን በሥልጣኑ ግልጽ ቃል ከሰጠ፣ ወይም አንድን አሠራር ሳያቋርጥ ካስለመደ፣ ሰውም ያንን አምኖ ኑሮውን ከቀየረ፣ ያ ሰው የሚጠብቀው ነገር ባዶ ምኞት አይደለም። ዳኛ ሊጠብቅለት ይገባል።»

ሼሁ በተንኮል ፈገግ አሉ።

«በምርጫ ሰሞን መንገድ እንሠራላችኋለን ያለንንም ሁሉ እንክሰስ በይኛ!»

«እሱማ ፍርድ ቤቱ ቦታ አይበቃውም!» አለች እየሳቀች። «ያ ለሁሉም የተበተነ ተስፋ ነው። ይኼ ግን ለእናንተ ለይቶ፣ በእጁ ስላለ ነገር የተናገረው ነው።»

«ታዲያ መንግሥት አንዴ ከተናገረ ሐሳቡን ላይለውጥ ነው? እኔም እኮ እለውጣለሁ።»

«ይለውጥ እንጂ! ለሕዝብ የሚበጅ ብርቱ ምክንያት ካለው ይችላል። ግን አስቀድሞ ይጥራችሁ፤ ምክንያቱን ይንገራችሁ፤ ይስማችሁ። ዱዓውንም ያዋረደው ቃሉን ያስታወሰው ሰው ሳይሆን የረሳው ነው። አሚን ሲል የሰሙት አንቱ ዝም ካሉ፣ ማን ያስታውሰዋል?»

ሼሁ የደቀቀውን ቅጠል ከመዳፋቸው አራገፉ። «ቶፊቅን ያስነሳሁትን አጥር ለዚህ ሰውዬ ልተወው እንዴ? ቀኑ መቼ ነው?» አሉ።

ሼሁ መሰከሩ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤቱ ተራ የመለወጥ ሥልጣን እንዳለው አልካደም። ነገር ግን ቃሉን አምነው የተከሉትን ሰዎች ሳይሰማ መወሰኑ ትክክል አይደለም ብሎ ውሳኔውን ሻረ፤ ጠርቶ እስኪሰማቸው ድረስም ውሃው በቀድሞው ተራ እንዲወርድ አዘዘ።

ኃላፊው ገበሬውን ሰበሰበ። የላይኛው ሰፈር የውሃ ጉድጓድ ደርቆ ከብቱ መጠማቱን ያን ጊዜ ተናገረ።

«ያ ረቢ! ይህን መንገር ከበደህ?» አሉት ሼሁ። «ከከብት አፍ ውሃ የሚነጥቅ እዚህ የለም። እስከ ቀትር ሶላት፣ እስከ ዙህር ለእኛ፣ ከዙህር ወዲያ ለእነሱ ይሁን።» በዚሁ ተስማሙ።

ዳር ላይ የነበሩት ችግኞች ግን አልተረፉም፤ ክርክሩ ሳያልቅ ደርቀው ነበር። ቀድሞ መጠየቅ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ። ሲጠያየቁ ገበሬው ልፋቱ አይባክንበትም፤ ሹሙ የማያውቀውን ያውቃል፤ ጎረቤት ከጎረቤት አይቃቃርም። ሼሁም ዛሬ ለሽምግልና ሲቀመጡ ይህንኑ ይመክራሉ።

በቀጣዩ ክረምት ጽሕፈት ቤቱ አቮካዶ ትከሉ አለ። የታችኛው ሰፈር ሰው አላመነታም። ነገሩ ቢለወጥ እንኳ ተጠርቶ እንደሚደመጥ አውቋልና የችግኝ ጉድጓዱን መቆፈር ጀመረ።