ረጋ በይ

ታሞ የተኛ የሥራ ባልደረባዬን ልጠይቅ ወደ ሆስፒታል ሄጄ ደረጃውን ስወጣ፣ ከፊቴ አንድ ሰው ሁለት ትራስ ታቅፎ መንገዱን ዘግቶብኛል። ከጀርባው ስለነበርኩ ማንነቱን አላወቅሁም። እንዲያሳልፈኝ ብጠይቀው ግን «ሰው ረጋ ብሎ ቢወጣ ምን ይለዋል?» የሚል ድምፅ መለሰልኝ፤ ወዲያው ጎረቤቴ ዳኛው መሆናቸውን ዐወቅሁ።

ዳኛው ችሎት ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ የባልና ሚስት ጠብም ይሁን የአጥር ክርክር እሳቸው ሳይበይኑበት አይዘጋምና። ብይናቸው ደግሞ ይግባኝ የለውም። ባለቤታቸው መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው መሰበሩን ሰምቼ ስለነበር፣ «እትዬ እንዴት ናቸው?» አልኳቸው።

«ተመስገን ነው። ዶክተሩ አጥንቱን በብረት አያይዞ ጠግኖታል። የቀረው የኔ ሥራ ነው።»

«የእርስዎ ሥራ ምንድን ነው?»

«እንዳትነቃነቅ መጠበቅ» አሉኝ፣ ትራሶቹን ወደ ደረታቸው ሰብሰብ አድርገው።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ጎበዝ ነኝ ብሎ የሚሳሳት ተማሪ ከመልኩ ይታወቀኛል። ባልደረባዬን ትቼ ተከተልኳቸው።

እትዬ ብርድ ልብሱ እስከ አገጫቸው ተጠቅጥቆባቸው፣ ከጉልበታቸው ሥር ሌላ ትራስ ተደርጎላቸው፣ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ከንፈራቸው ደርቋል። ውሃ የሞላ ብርጭቆ እጃቸው በማይደርስበት መስኮት ላይ ተቀምጧል። ለምን እንደራቀ ብጠይቅ ዳኛው በኩራት አስረዱኝ። «ውሃ ከጠጣች ሽንት ቤት ልሂድ ትላለች። ልሂድ ካለች ልትነሳ ነው። እኔ ነገርን ከሥሩ ነው የምይዘው።»

ብርጭቆውን አንስቼ ለእትዬ ሰጠኋቸው። አንድ ጊዜ ባላቸውን አዩ፣ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ደግነት እንዲህ ሰውን ሲያስጠማ ሳይ ደሜ ይፈላል።

ይህን ጊዜ አንዲት ነርስ የመራመጃ ብረት እየገፋች ገባች። የዳኛው የእህታቸው ልጅ ናት። አጎቷን እንደምታከብር ያስታውቃል፤ ትዕግሥቷ እየተሟጠጠ መሆኑም ያስታውቃል።

«ጋሼ፣ ይሄን ትራስ እኮ ደም እንዳያግድ ከጉልበታቸው ሥር አውጥቼው ነበር።»

«አይቼ መለስኩት።»

«ዛሬ ጠዋትም እንደ ሰሞኑ መርፌውን አስመልሰዋል አሉኝ።»

«አዎ አስመልሻለሁ። ምንድን ነው ብላት መርፌውን ያመጣችው ልጅ ደም ማቅጠኛ ነው አለችኝ። በኦፕራሲዮን የፈሰሰው ደሟ አንሶ የተረፈውን ደግሞ ልታቀጥኑት ነው? እኔ ሾርባ አጠጥቼ ደሟን አወፍራለሁ፣ እናንተ ከኋላዬ ታቀጥናላችሁ።»

ነርሷ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ለዚያ መድኃኒት «ደም ማቅጠኛ» የሚል ስም ያወጣውን ሰው ባገኘው እኔም የምለው ነበረኝ፤ ስንቱን በሽተኛ በቃል ብቻ አስደንግጧል።

«ያጣላን ስሙ ነው፣ ጋሼ» አለች። «መድኃኒቱ ደም አይቀንስም፣ ውሃም አያደርገውም። ደም ሥር ውስጥ ያለቦታው እንዳይረጋ ነው የሚከላከለው። ዶክተሩም ዝም ብሎ አላዘዘም፤ የመድማት ስጋታቸውንና የመርጋት ስጋታቸውን መዝኖ ነው። የመድማት ስጋት ላየለበት ሰው መርፌውን ትተን እግሩን ጨመቅ ለቀቅ የሚያደርግ መሣሪያ እናስርለታለን።»

«ቢረጋስ ምን ነውር አለው? እኔ ዕድሜ ልኬን ሰውን ረጋ በል እያልኩ ነው ያስታረቅሁት። የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል፣ ልጄ።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ። ቋንቋችን ለጨዋ ሰውና ለተቋጠረ ደም አንድ ቃል ቢሰጥ እኝህ ሰው በቃሉ ላይ ሚስታቸውን ሊያስተኙበት ነው። «ዳኛው፣ ወተትና ደም እኮ በአንድ መዝገብ አይታዩም» አልኩ።

«አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?»

«መምህር እውነታቸውን ነው» አለች ነርሷ። «ሰው ሲሄድ የባቱ ሥጋ እየተኮማተረ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሲጋደም የሚገፋ የለም፤ ደሙ እግር ላይ ይተኛል። በዚያ ላይ ቀዶ ጥገና አለ፣ ዕድሜ አለ፣ ውሃ ጥም አለ። ከዚያ ይረጋል። የረጋው ተላቆ ሳንባ ውስጥ ሄዶ ከተሰነቀረ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ደረት ይወጋል፣ ይገድላልም። ልብሱን ለብሶ ወደ ቤት ሊሄድ የተነሳ ሰው በዚህ ሲሞት አይቻለሁ።»

«ቀኑ ደርሶ ነዋ። እናቴ ስትታመም ዘመዱ ሁሉ ከቧት ጣቷን እንኳ አላነቃነቀችም። እንዲህ ነው ማስታመም።»

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ ዐረፈች።»

ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ራሳቸውም ሰሙት። ግን የተሸነፈ ሰው መቆጣቱ አይቀርምና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ወሬ ነው ይሄ። ባለቤቴን የሚገድላት እግሯ ላይ የተኛ ደም ነው የምትይኝ ከሆነ ምስክር አምጪ።»

«ምስክር ካስፈለጋችሁ እኔ አለሁ» አሉ እትዬ።

ሦስታችንም ዞርን። ክርክሩ በሳቸው እግር ላይ መሆኑን ረስተነው ኖሯል።

«ከትናንት ጀምሮ ባቴን ያመኛል። የተሰበረውን በኩል አይደለም፤ ደህነኛውን። ያቃጥለኛል፣ ይከብደኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ ዳኛው።

«ብነግርህ ምን ትለኛለህ? ረጋ በይ ነዋ።»

ነርሷ ብርድ ልብሱን ገለጠች። ያልተሰበረው የግራ እግራቸው ባት ከቀኙ በልጦ አብጧል፣ ቆዳውም ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ዳኛው ደንግጠው ተነሱና «ቆይ ላሽልሽ» እያሉ እጃቸውን ዘረጉ። ነርሷ እጃቸውን በአየር ላይ ያዘችው።

«አይንኩት፣ ጋሼ። የረጋ ደም ካለ አይታሽም፤ ታሽቶ ሊላቀቅ ይችላል።»

ዳኛው እጃቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተናድጄባቸው ነበር፤ አሁንም ንዴቴ አልለቀቀኝም፣ ግን ሰውየው አሳዘኑኝ።

ዶክተሩ ተጠርቶ መጣ፤ እትዬን እግራቸውን በአልትራሳውንድ ሊያዩላቸው በአልጋ ገፍተው ወሰዷቸው። ዳኛውና እኔ ኮሪደሩ ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን።

«ውሃ ከለከልኳት» አሉኝ። «መርፌውን ስመልስ እሷን ምን ትያለሽ አላልኳትም። የምትሞት ከሆነ እኔ ነኝ።»

አይደሉም ብዬ ላጽናናቸው ይገባኝ ነበር። አልቻልኩም። ከአጠገባቸው ግን አልተነሳሁም።

ዶክተሩ ሲመለስ በእትዬ ባት ውስጥ የረጋ ደም መገኘቱን ነገረን። ትንፋሻቸው ደህና ነው፤ ወደ ሳንባ ማለፉን የሚያሳይ ምልክት የለም። «በጊዜ ደርሰንበታል» አለ። «ግን ቀድሞ በትንሽ መርፌ ልንከላከለው እንችል የነበረውን አሁን በትልቁ መጠን ለወራት እናክመዋለን።» ዳኛው ጭንቅላታቸውን ዝቅ አድርገው ሰሙት። ከዚያ አብራው ወደ መጣችው የእህታቸው ልጅ ዞረው፣ «በይ ከመጀመሪያው አስረጂኝ። አላቋርጥሽም» አሏት።

አስረዳቻቸው ማለት ይቀላል፤ እኔ ግን ሰውየው ሳያቋርጡ ሲያዳምጡ ስላየሁ የሰማሁትን ለአንባቢ ሳላካፍል ማለፍ አልወድም። ሆስፒታል የተኛ ሰው ሁሉ መርፌ አያስፈልገውም፤ ግን ሁሉም «የኔ ስጋት ምን ያህል ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ሐኪም ተነስ ያለው ይነሳ፤ ገና መነሳት የማይችለው አልጋው ላይ እንዳለ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይ ወደ ታች ያንቀሳቅስ። ካልተከለከለ ውሃ ይጠጣ። ቤት ሲገባም የታዘዘለትን መድኃኒት ተሻለኝ ብሎ በራሱ አያቋርጥ። አንድ እግሩ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ድንገት ካጠረው እስኪነጋ ልጠብቅ አይበል። ጠያቂ ዘመድ ደግሞ ፍቅሩን ብርድ ልብስ በመጠቅጠቅ ሳይሆን ክንዱን በማበደር ይግለጥ። ይህ ሁሉ ዋጋው ቀላል ነው፤ የሚከብደው ልማድን መተው ነው።

በማግስቱ ተመልሼ ስሄድ እትዬ የመራመጃውን ብረት ይዘው ቆመዋል። ዶክተሩ መድኃኒቱ ስለተጀመረ መሄድ እንደሚችሉ ፈቅዷል። ነርሷ በአንድ በኩል፣ ዳኛው በሌላ በኩል ናቸው። የዳኛው ፊት ከበሽተኛዋ የባሰ ነጥቷል።

«ልጠብቅሽ ብዬ ላጣሽ ነበር» አሉ፣ እኔ መኖሬን ረስተው።

«አላጣኸኝም» አሉ እትዬ። «ግን ከእንግዲህ ስለ እግሬ መጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ።»

ዳኛው እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አሁን ሊበይኑ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ግን «እሺ» ብቻ አሉ። በጎረቤትነት ዘመናችን ይህን ቃል ከሳቸው አፍ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ ክንዳቸውን ሰጧቸውና፣ በእትዬ እርምጃ ልክ፣ ወደ በሩ መሄድ ጀመሩ።