«ልጄን እኔ አውቃታለሁ»

አቶ ጓዴን የሰደቡት በ1979 ዓ.ም.፣ በጥቅምት ወር፣ ሞጣ፣ ስድስተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ሰዳቢው የሒሳብ መምህሩ ነበሩ፤ ስድቡም «ድንጋይ ራስ!» የሚል ነበር። አርባ ሦስት ተማሪ ሳቀ። በዓመቱ ጓዴ ትምህርቱን ጥሎ ልብስ ሰፊ ሆነ። የሳቁትን ዛሬም አንድ በአንድ በስም ይጠራቸዋል፤ ገሚሶቹ ሞተዋል፤ እርሱ ግን አልማራቸውም።

ባለፈው ማክሰኞ ክር ገዝቶ ከቢቸና ሲመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከመምህርት ጸደንያ አጠገብ ተቀመጠ። እርሷ በልጁ በስርጉት ትምህርት ቤት ተማሪ የምትመክር ናት። ገና ሰላምታው ሳያልቅ ጀመረችው።

«አቶ ጓዴ፣ እግዜር አገናኘን። ስርጉት ለጥያቄና መልስ ውድድር ተመርጣ አልመዘገብም ብላለች። ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያልቃል።»

«ምን ሆንኩ ብላ?»

«"እኔ ደነዝ ነኝ፤ አባቴ ያውቀኛል" አለች።»

ጓዴ ጦፈ። «ወይ የዘንድሮ ልጅ! ልጄን እኔ አውቃታለሁ። በወላጆች ስብሰባ አንደኛ ወጣች ብላችሁ ሰው ፊት ስታወድሷት፣ የሰው ዓይን እንዳይበላት ብዬ "ኧረ ደነዝ ናት" አልኩ። አባቶቻችንስ እንዲሁ አልነበሩም?»

«ለዓይን ብለው እንደሆነ ነግረዋታል?»

«ይህም ይነገራል? ይገባታላ!»

«አሥራ አምስት ዓመቷ ነው እኮ። በዚህ ዕድሜ ልጅ ራሱን የሚያየው በሚያምነው ሰው ዓይን ነው። አንደኛ ስትወጣ "ዕድል ነው" ትላለች፤ አንድ ጥያቄ ስትስት ግን "አባቴ እውነቱን ነው" ትላለች።»

«እና ንግሥቴ እያልኩ ላሞላቅቃት?»

«ውሸት ማን ጠየቀዎ? የሠራችውን ይንገሯት። ስታጠፋም ጥፋቷን ይንቀፉ እንጂ እርሷን አይናቁ።»

የተማረ ሰው ምክር አያልቅበትም ብሎ ጓዴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ደብረ ወርቅን ካለፉ በኋላ ግን አላስችለው አለ።

«እኔንም ድንጋይ ራስ ብለውኛል። አልሞትኩም!»

«ከዚያ ወዲህ ሒሳብ ሠርተው ያውቃሉ?»

«በየቀኑ! ኮትና ሱሪ ለክቼ የምቆርጠው በምን መሰለሽ?»

«እንግዲያው መምህሩ ተሳስተው ነበር። እርስዎ ግን አመኗቸውና ከትምህርት ቤት ወጡ።»

በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ይህን ያለው ሰው አልነበረም።  ሞጣ ሲደርሱ ጓዴ ወርዶ ክሩን እንደያዘ ወደ ቤቱ ገሰገሰ።

«ስርጉት! ደነዝ ያልኩሽ ውሸት ነው፤ ዓይን ፈርቼ ነው። ያን ሌሊቱን ያስቸገረሽን ሒሳብ ጠዋት ስትፈቺው አይቻለሁ።»

ልጅቱ አፍጥጣ አየችው። «ብሸነፍስ?»

«ተሸንፈሽ ትመጫለሻ! ራትሽ አይቀርብሽም።»

አባትና ልጅ ተያይዘው ትምህርት ቤት ሄዱ፤ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ተመዘገበች። ወላጅ ሆይ፣ ይህን ልብ ይበሉ፤ አቅሟን የምታውቅ ልጅ ብትወድቅ ትነሣለች፣ ያልገባትን ለመጠየቅ አታፍርም፣ ሰው ስለሳቀባትም ደብተሯን አትጥልም። ከጥጋብ የሚጠብቃትም ይኸው ነው፤ ልኩን ያወቀ ምን ያስታብየዋል?

ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ጎረቤታቸው ዘመነ ቆሞ ነበር።

«ጓዴ! ይቺ ልጅህ ተመርጣ ነው አሉ! አንተማ አንጎል ወልደሃል!» አለና እንደ ወጉ «ኧረ ምን አላት እቴ» እስኪባል ጠበቀ። ስርጉትም ቀና ብላ የአባቷን አፍ ታይ ጀመር።

ጓዴ ምላሱ ላይ የመጣውን «ደነዝ» ዋጠ። ከዚያ የልጁን ትከሻ አቅፎ ወደ ቤታቸው ሄደ።