ሁለት ቦታ የታየ ፋይል

(ነሐሴ፣ ረፋድ ላይ፤ በአንዲት ወንዝ ዳር ከተማ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያዋ ባንቺአምላክና አለቃዋ አቶ ምንውየለት ሰርቨሩ ፊት ተፋጠዋል።)

ባንቺአምላክ፦ ኧረ ለመሆኑ ማን ንኩት አለዎት?

ምንውየለት፦ ድምፅሽን ቀንሺ! ዲስኩ ሞልቶ ነበር፣ አጸዳሁት።

ባንቺአምላክ፦ ምኑን ነው ያጸዱት? ወንዙ እየሞላ ነው፣ ለታች ሰፈር ሰው የስልክ መልእክት የሚልከው ፕሮግራም አልነሳም ብሏል!

ምንውየለት፦ ትርፉን ነዋ! አንዱን ፋይል ሁለት ቦታ አስቀምጠሽዋል፤ አንድ በየፕሮግራሙ ፎልደር፣ አንድ ደግሞ በጋራው።

ባንቺአምላክ፦ የትኛውን አጠፉ?

ምንውየለት፦ የየፎልደሩን።

ባንቺአምላክ፦ ወይኔ ጉዴ! ሁለት አይደለም እኮ! በእጄ የጫንኩትን ፕሮግራም ሁሉ ለየብቻው ፎልደር ሰጥቼ፣ በጋራው ቦታ ያስቀመጥኩት ወደዚያ የሚጠቁም ሊንክ ብቻ ነው። ዋናውን አጥፍተው ጥቆማውን ተዉልኝ!

ምንውየለት፦ ታዲያ እንደ ሰው ሁሉንም አንድ ላይ አትጭኚውም ነበር?

ባንቺአምላክ፦ ተደባልቆ የቱ ፋይል የማን እንደሆነ በምን ሊለይ? አንዱን ላንሳ ሲሉ ሌላውን ይዞት ይሄዳል! ሰዉ ከነከብቱ ወንዝ ዳር ነው ያለው፣ ይገባዎታል?

ምንውየለት፦ እንደገና ጫኚዋ!

ባንቺአምላክ፦ ከየት አምጥቼ? ኢንተርኔት እንደሌለ እያወቁ! ቆይ... ቆይ እስቲ። የፕሮግራሙ ያምናው እትም ፎልደር አለ!

ምንውየለት፦ እሱንማ አልነካሁትም። ሁለት ቦታ አላየሁትም።

ባንቺአምላክ፦ እንዴት ያዩታል? አዲሱን ስጭን ሊንኩን አንስቼበታለሁ። ፎልደሩን ግን እንዳለ ነው የተውኩት። በሉ ዞር ይበሉልኝ!

ምንውየለት፦ ብዙ ይቆያል?

ባንቺአምላክ፦ ሊንኩን ወደዚህ ማዞር ብቻ ነው... ፕሮግራሙ ተነሳ! መልእክቱ እየወጣ ነው።

ምንውየለት፦ ተመስገን! አየሽ፣ ይሄን ያህል የሚያስጮህ ነገር አልነበረም። ሪፖርቱ ላይ «የቴክኒክ ችግር» በይው። የቀረውን ነገ እኔው ገብቼ አስተካክላለሁ።

ባንቺአምላክ፦ አይገቡም።

ምንውየለት፦ ማን አባቱ ነው የሚከለክለኝ? አለቃ እኮ ነኝ!

ባንቺአምላክ፦ አለቃነትዎን ማን ነካው? የሰርቨሩን የይለፍ ቃል ግን አሁን እርስዎ ተመስገን ሲሉ ቀየርኩት።